የኦዝቦርን ቤትና የአትክልት ቦታው

ነገሥታት የሚገዙበት ቤት አንድ ነው፤ የሚያርፉበት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ግርማቸው ይታያል፤ በሁለተኛው ግን ጠባያቸው ይገለጣል። በእንግሊዝ አገር በስተደቡብ፥ በዋይት ደሴት ላይ የሚገኘው የኦዝቦርን ቤት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህም ቤት ታሪክ ውስጥ አንድ የኛ አገር ልጅ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1837 የነገሡት ንግሥት ቪክቶሪያ በብራይተን ከተማ የነበረውን የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት አልወደዱትም። ከተማው ስለ ከበበው፥ ልጆቻቸውን ይዘው ያለ ተመልካች ለመንሸራሸር አልተቻላቸውም። ስለዚህ በ1845 ከባለቤታቸው ከልዑል አልበርት ጋር የኦዝቦርንን ርስት በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። በቦታው የነበረው ቤት ጠባብ ሆኖ ስለ ተገኘ አዲስ ቤት ተሠራ። ዕቅዱን ያወጡት ልዑሉና ስመ ጥሩው የለንደን ሕንፃ ሠሪ ቶማስ ኪውቢት ተመካክረው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት የሚታየው ባሕር ለልዑሉ የኢጣልያን የኔፕልስ ባሕር ያስታውሳቸው ነበርና፥ ቤቱ በኢጣልያ አሠራር ሁለት ረጃጅም ግንቦች እንዲኖሩት ተደረገ። ከፊቱም እርከን በእርከን ወደ ታች የሚወርድ የአበባ ቦታ ተበጀለት። ሥራው በ1851 ተፈጸመ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ከትልቁ ቤት ራቅ ብሎ በስዊስ ተራራማ ቤቶች አምሳል በእንጨት የተሠራው ትንሽ ቤት ነው። ይህ የልጆቹ ቤት ነበር። ዘጠኙም ልጆች እያንዳንዳቸው የአትክልት መደብ፥ የስማቸው ፊደል የተጻፈበት የእጅ ጋሪና ለቁመታቸው የሚስማማ መቆፈሪያ ነበራቸው። በወጥ ቤቱም ምግብ ማብሰል ይማሩ ነበር። ያፈሩትን አትክልት አባታቸው በገበያው ዋጋ ይገዟቸው ነበር። የንጉሥ ልጅ ቢሆንም ደመወዙን በላቡ ማግኘት እንዳለበት በቃል ሳይሆን በሥራ ተማሩ።

ልዑል አልበርት በ1861 በ42 ዓመታቸው ሲሞቱ ኦዝቦርን የኀዘን ቤት ሆነ። ከ7 ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 1868፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በካፒቴን ስፒዲ ታጅቦ ወደዚህ ቤት መጣ። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። አባቱ በሚያዝያ ወር በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ በመንገድ ላይ ዐርፈዋል። ንግሥቲቱ ልጁን በርኅራኄ ተቀበሉት፤ ስለ እርሱም በዕለት ማስታወሻቸው ጻፉ። ሆኖም ርኅራኄ ወላጅንና አገርን አይተካም። ዓለማየሁ በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው በኦዝቦርን ጥር 22 ቀን 1901 ዐረፉ። ልጃቸው ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ቤቱን በ1902 ለሕዝብ ሰጡት። ከ1903 እስከ 1921 በግቢው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነበረበት፤ ከቤቱም ከፊሉ የመኮንኖች ማገገሚያ ሆኖ አገልግሏል። በ1954 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ የቀድሞዋ ንግሥት የኖሩባቸው ክፍሎች ለጎብኚ እንዲከፈቱ ፈቀዱ።

ዛሬ ኦዝቦርንን የሚጎበኝ ሰው የነዚያን ልጆች ትናንሽ ጋሪዎች ያያል። ከኛ ወገን የሚሄድ ተማሪ ግን መደብ ያልተሰጠውን፥ በዚያ እርከን ላይ በእንግድነት የቆመውን ልጅ ጭምር ያስታውስ። አንድን ቤት በሙሉ ማወቅ የሚቻለው ባለቤቶቹንም እንግዶቹንም በማወቅ ነውና።