ሳንቲም ወይስ ሥራ?

ሠራተኛ ስትቀጥሩ ዐይነ ስውር ቢያመለክት ከንፈር ትመጣላችሁ ወይስ የትምህርት ማስረጃውን ታያላችሁ?

በጀርመን 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት 5 በመቶውን የሥራ ቦታ ከባድ ጉዳት ላለባቸው መስጠት አለበት፤ ያለዚያ ገንዘብ ይከፍላል። አሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ታዛለች። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር አድልዎ ማድረግን ይከለክላል።

ሕግ ግን ጓዳችን ድረስ አይገባም። ወላጆች ሆይ፣ አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን ከሰው ዐይን ከሸሸጋችሁት ነገ ማን ይቀጥረዋል? ዛሬውኑ ትምህርት ቤት አስገቡት። አሠሪዎችም፣ “ምን ይመቻችልህ?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንዳንዴ ከደረጃው አጠገብ የሚሠራ መወጣጫ ብቻ ነው። ምጽዋት ለዛሬ ያበላል፤ ሥራ ግን ሰውን ቀና ብሎ እንዲሄድ ያደርጋል።