ያለ «ክራክ» መሥራት ይቻላል? አሮጌ ኮምፒውተርና ሙሉ በሙሉ ነጻ ሶፍትዌር

ጅማ ላይ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ በሉ። ማመልከቻ የሚጻፍበት፣ ሲቪ የሚታተምበት ማሽን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት እጅ የዞረ ነው። ዊንዶውሱ ደግሞ ከፍላሽ በ«ክራክ» የተጫነ ነው። አጋሮም ሆነ ሊሙ ገነት ብትሄዱ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ግን ነገሩ ጠበብ ብሏል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ክራኩም ቢሆን ማን እንደነካካው የማናውቀው ፕሮግራም ነው። የደንበኛ መታወቂያና ውል የሚቀመጠው እኮ እዚያው ላይ ነው!

ታዲያ ማሽኑ ይጣል? ኧረ አይጣልም። ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ።

«ነጻ» ስንል ዋጋው ዜሮ ነው ማለታችን ብቻ አይደለም። ቡናን አስቡ። ቤታችን ሲፈላ ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ እናያለን፤ ከቀጠነ እንጨምርበታለን፣ ጎረቤትም እንጠራለን። ዝግ ሶፍትዌር ግን ከጓዳ ተቀድቶ እንደሚመጣ ሲኒ ነው፤ ምን እንደገባበት አታዩም፣ ለጎረቤት ማካፈልም ክልክል ነው። ነጻ ሶፍትዌር ማለት ለፈለጋችሁት ሥራ የምትጠቀሙበት፣ ውስጡን አይታችሁ የምትቀይሩት፣ ኮፒ አድርጋችሁ የምትሰጡት፣ የቀየራችሁትንም የምታካፍሉት ነው።

ሐሳቡን ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1983 «ግኑ» በሚል ስም ይፋ አደረገ። በ1991 ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጨመረበት። ሩቅ አይምሰላችሁ፤ አብዛኞቻችን ፊልም የምናይበት ቪኤልሲ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የአንድሮይድ ስልካችን እምብርትም ሊኑክስ ነው።

ኡቡንቱን የመሳሰሉ የታወቁ የሊኑክስ ዓይነቶች ግን ውስጣቸው ጥቂት ዝግ ክፍሎች አሉ። ከስፔን ጋሊሲያ የወጣው ትሪስኬል ኡቡንቱን ወስዶ እነዚያን ክፍሎች ያስወግዳል። ለደካማ ማሽን የሚሆን «ትሪስኬል ሚኒ» የሚባልም አለው።

እኛም በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሞከርነው። ተነሣ፣ ድምፁም ስክሪኑም ሠራ። ዋይፋዩ ግን ድራሹ የለም። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ለመሥራት ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ አምራቾቹ ኮዱን ስለማይሰጡ ትሪስኬል አያስገባውም። የሙሉ ነጻነት ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘነው። ስልካችንን በቻርጀር ገመዱ አገናኝተን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ስናበራ ኢንተርኔቱ ገባ። የኔትወርክ ገመድ ያለው ቤት በአብዛኛው በዚያም ይሠራል። አቴሮስ ኤአር 9271 የሚባል ቺፕ ያለው በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይም ፈርምዌሩ ክፍት ስለሆነ ያስኬዳል።

ለጽሕፈት ሥራ ሊብረኦፊስ አብሮ ይመጣል፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ አንዳንዴ ግን የገጹ አቀማመጥ ይዛባል። አማርኛ የኪቦርድ አማራጭ አለው፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የተለየ ኪቦርድ አያስፈልገውም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ግን ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ።

ለሁሉም ሰው ይሆናል አንልም። ሒሳባችሁ በፒችትሪ ከሆነ ፕሮግራሙ የዊንዶውስ ነው፤ የማኅበር ሒሳብ የምትይዙ ይህን አትርሱ። እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 እና ፒ 1102 ያሉ ፕሪንተሮችም የአምራቹን ዝግ ፋይል ይጠይቃሉ። ይህ ካስቸገራችሁ ደቢያን መካከለኛ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በመጫኛው ውስጥ ዝግ ፈርምዌር ያካትታል። ዋይፋዩ የመሥራት ዕድሉ ይሰፋል፤ «ሙሉ ነጻ» የሚለው ግን ይቀራል።

ስለዚህ ዲስካችሁን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ትሪስኬልን ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጁና ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሡት። ኢንተርኔት ሞክሩ፣ የአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ፣ አንድ ገጽ አትሙ። ሦስቱም ከሠሩ መጫን ትችላላችሁ። ካልሠሩ ፍላሹን መንቀል ነው፤ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ይጠብቃችኋል።

ከተሳካላችሁ ደግሞ ፍላሹን ለጎረቤት ሱቅ አውሱት። ይኼኛው ኮፒ ሕጋዊ ነው።