ከጣት የሚወሰድ የደም ምርመራ፦ ሁልጊዜ ይታመናል?

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው አምዳችን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ስለሚወስዱ፣ በተለይም ሉፐስ ስላለባቸው ወገኖች እንነጋገራለን።

አንዲት እህት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ቀደም ሲል እግሯ ውስጥ ደም ረግቶባት ስለነበር ዋርፋሪን ትወስዳለች። ዘመዶቿ ከውጭ በላኩላት፣ የስኳር መለኪያ በሚመስል ትንሽ መሣሪያ ጣቷን ወግታ ስትለካ 4.8 አየች። «ደሜ በጣም ቀጥኗል፤ ኪኒኑን ላቁመው?» አለችኝ። ሉፐስ እንዳለባት ስለማውቅ በራሷ ሳትወስን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሟ እንድትሄድ ነገርኳት። ከክንዷ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲታይ 2.3 ሆነ። ኪኒኑን አቁማ ቢሆን ኖሮ ደሟ እንደገና ሊረጋ ይችል ነበር።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

አይ.ኤን.አር. የሚባለው ቁጥር ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ያሳያል። ዋርፋሪን በማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ዋርፋሪን ለሚወስዱ አብዛኞቹ ሰዎች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ሲያንስ ደም መርጋት፣ ሲበዛ መድማት ያሰጋል።

መሣሪያው ለምን ይሳሳታል?

በሉፐስ የሰውነት መከላከያ ወደ ራሱ አካል ይዞራል። ከታማሚዎቹ ከሦስቱ የአንዱ ያህል ደም ውስጥ አንቲፎስፎሊፒድ የሚባሉ ፀረ እንግዳ አካላት ይገኛሉ። እነዚህ በሰውነት ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ። ሉፐስ በሌለባቸው ሰዎችም ይገኛሉ፤ በሴቶች ላይ ለተደጋጋሚ ውርጃም ምክንያት ይሆናሉ።

የመሣሪያው ስትሪፕ ደሙን የሚያረጋው ፎስፎሊፒድ በተባለ ቅባት መሰል ነገር እየታገዘ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ ይህንኑ ስለሚይዙት በስትሪፑ ላይ መርጋቱ ይዘገያል። መሣሪያውም ደሙ ከትክክለኛው በላይ የቀጠነ አድርጎ ያነበዋል። የላቦራቶሪ ምርመራም አንዳንዴ በዚህ ይነካል፤ ነገር ግን በአብዛኛው የተሻለ ነው። ካጠራጠረም ፋክተር 10 የሚባለውን በመለካት ማረጋገጥ ይቻላል።

ይህ ማለት መሣሪያው ለሁሉም አይሠራም ማለት አይደለም። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ለሌሉባቸው ብዙዎች ጠቃሚ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሉፐስ ካለባችሁ ወይም ደም የረጋባችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሆነ፣ የአንቲፎስፎሊፒድ ምርመራ ተደርጎላችሁ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

2. በመሣሪያው ከመተማመናችሁ በፊት በአንድ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት ከጣትም ከክንድም ተለኩ። ልዩነቱ ከ0.5 ከበለጠ ለሐኪም አሳዩ። አንዴ ተመሳሰለ ማለት ሁልጊዜ ይመሳሰላል ማለት ስላልሆነ በየጊዜው ድገሙት።

3. ከጣት የተወሰደው ከ4 በላይ ካሳየ በዚያው ቀን ከክንድ በሚወሰድ ደም ይረጋገጥ። ኪኒኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ አታቁሙ።

4. ምልክቱን ከቁጥሩ አስቀድሙ። ሰገራ ከጠቆረ፣ ሽንት ደም ከቀላቀለ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም እግር ካበጠ፣ ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ መሣሪያው ምንም ይበል ምን ፈጥናችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

5. «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ኪኒን አለ» ተብላችሁ በራሳችሁ አትቀይሩ። በ2018 ጣሊያን ውስጥ ይህ ሕመም በጠናባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሪቫሮክሳባን የወሰዱት ዋርፋሪን ከወሰዱት የበለጠ ደም ስለረጋባቸው ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል።

በረመዳን ምርመራ የምታዘገዩም አትጠፉም። ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል። ስለዚህ ቀጠሯችሁን አታሳልፉ።

ውድ አንባቢያን፣ መሣሪያው አጋዥ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሰበቡን ማድረስ ከእኛ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።