ጠንካራ የፒካፕ ክዳን ሲመርጡና ሲያስገጥሙ

ፒካፕ የሚወደደውም የሚማረሩበትም በአንድ ነገር ነው፤ ካሶኒው ክፍት ነው። ጤፉም፣ ሲሚንቶውም፣ የበዓል በጉም ያለ ጥያቄ ይጫንበታል። ዝናብ፣ አቧራና የሌባ እጅም ያለ ጥያቄ ይገቡበታል። የተለመደው መፍትሔ ሸራና ገመድ ነው። ሸራ ርካሽ ነው፣ ለማንኛውም ጭነት ይመቻል፤ ነገር ግን ቢላዋ አይመልስም፣ መኪናው ሲፈጥን ይርገበገባል፣ መሃሉ ላይ ውኃ ያቁራል። በእንግሊዝኛ ስሙ ቶኖ ከቨር የሚባለው ጠንካራ ክዳን ይህን ሁሉ ለመገላገል የሚገዛ ነው። ከካሶኒው ጠርዝ ጋር እኩል ይጋደማል፣ ይቆለፋል። እንደ ካኖፒ ሽቅብ ስለማይወጣ የኋላ መስታወቱንም አይከልልም።

ዓይነቱ ብዙ ነው። ወጡ ክዳን ከፋይበር ግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ አንድ ገበታ ሲሆን፣ በጋቢናው በኩል በማጠፊያ ተይዞ ከኋላ በጋዝ ዘንግ ይነሣል። በመኪናው ቀለም ሲቀባ ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ ስለሌለው ውኃ የሚሾልክበት ቦታም ትንሽ ነው። ችግሩ ፍሪጅ ወይም ቁም ሣጥን አቁሞ መጫን የመጣ ዕለት ነው። ሁለት ሰው ይዞ ማውረድ፣ ካወረዱም በኋላ የሚያስቀምጡበት ቦታ መፈለግ ግድ ይላል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተጣጣፊው ሦስት ወይም አራት ገበታ አለው። ወደ ጋቢናው ሲታጠፍ አብዛኛውን ካሶኒ ይለቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ሻንጣ ነገ ሶፋ ለሚጭን ሰው ከሁሉም የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። የሚደክመው በየመጋጠሚያው ያለው ጎሚኒ ነው። ተንሸራታቹ ደግሞ እንደ ሱቅ መዝጊያ ከቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች ተያይዞ የተሠራ ነው፤ ከጋቢናው ጀርባ ባለ ሣጥን ውስጥ ይጠቀለላል። በፈለጉት ልክ ከፍቶ መሄድ ይቻላል። በምትኩ ሣጥኑ ከካሶኒው የፊት ክፍል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ይወስዳል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይበልጣል። በሞተር የሚከፈትም አለ። የአሜሪካው መኪና አምራች ሪቪያን፣ አር ዋን ቲ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒካፑን ከእንዲህ ያለ ክዳን ጋር ማቅረብ ጀምሮ ነበር፤ ክዳኑ እየተሰነቀረ ስላስቸገረ አቋረጠውና ኋላ በእጅ በሚከፈት ተካው። ጠጠር መንገድ ለሚያበዛ ሰው ሞተሩ ቢቀርበት ይሻለዋል።

ሻጭ «ሰው ይቆምበታል» ሲል ሰምቶ መደሰት አይገባም። ብዙ አምራቾች የሚጽፉት የመሸከም አቅም ከ130 እስከ 225 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ይህ ግን ክብደቱ ገበታው ላይ ሁሉ እኩል ሲዘረጋ ነው፣ ለምሳሌ በረዶ ሲከመርበት። አንድ ኩንታል ጤፍ መሃል ገበታ ላይ ሲጣል ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ወሬ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ከጋቢናው በላይ የሚያልፈው አየር ክፍት ካሶኒ ውስጥ እየተሽከረከረ የአየር ትራስ ስለሚሠራ፣ ክዳኑ ጨምሮ የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ብር ከመክፈል በፊት መለኪያ ሜትር ይዞ ካሶኒውን መለካት ነው። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ ካሶኒ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የነጠላ ጋቢናው ከ2 ሜትር ያልፋል። ትውልዱም ይለያያል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2015 እ.ኤ.አ. እሱን የተካው ሁለቱም ሃይሉክስ ናቸው፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። ከአሜሪካ ለማስላክ ያሰበ ሰው ደግሞ እዚያ ሃይሉክስ የሚባል መኪና እንደማይሸጥ ይወቅ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦታውን የያዘው ታኮማ ነው፣ የካሶኒው ልክም ሌላ ነው። ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ዕቃ ዘመድን አስቸግሮ አስመጥቶ፣ አልገጥም ሲል ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ያሳዝናል። ከርዝመቱ ሌላ ጠርዙ ይታይ። ከጋቢናው ጀርባ የቆመ የብረት ቅስት ካለ፣ ወይም ጠርዙን ጭምር ሸፍኖ የሚወርድ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ፣ ብዙው ክዳን እነሱን ሳያስነሡ ወይም ሳይቆርጡ አይቀመጥም።

ክዳን ገጥመው ሳለ ዕቃቸው አመድ ለብሶ ሲያገኙት የሚበሳጩ ሰዎች አሉ። ክዳኑን ያማርራሉ፤ ጥፋቱ ግን ባብዛኛው የኋላው መዝጊያ የስፖንዳው ነው። መኪና ሲሮጥ ከጀርባው የአየር ግፊቱ የቀነሰ ቦታ ይፈጠራል። ጎማው ያስነሣው ብናኝ ወደዚያ ይሳብና ከስፖንዳው ኋላ ይዞራል። ስፖንዳው ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ አካሉን እንዳይፍቅ በሁለት ጎኑና ከሥሩ በማጠፊያው በኩል ክፍተት ተትቶለታል፤ ብናኙ የሚገባው በዚያ ነው። የቱንም ያህል ውድ ክዳን ይህን ክፍተት አይነካውም። የሚደፍነው ለብቻው የሚሸጥ፣ ጀርባው ማጣበቂያ ያለው የስፖንዳ ጎሚኒ ነው። የት እንደሚለጠፍ ለማወቅ ማታ ካሶኒው ውስጥ ባትሪ አብርቶ፣ ክዳኑንም ስፖንዳውንም ዘግቶ ዙሪያውን መቃኘት ነው። ብርሃን ያሳየ ቦታ ሁሉ አቧራ ያስገባል። ወለሉ ላይ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑ። ዝናብ በጠርዝ በጠርዙ ጥቂት መሾለኩ አይቀርም፤ መውጫ ካጣ የሚተኛው ላሜራው ላይ ነው።

ማስገጠሙን የለመደ ጋራዥ ቢሠራው ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ካለ ግን ግቢ ውስጥም ይሠራል። የካሶኒው ጠርዝ ይታጠብና ይደርቅ፤ ጎሚኒ የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል ይጠረግ። ከዚያ ሁለቱ የጎን ሐዲዶች ጠርዙ ላይ ይጋደሙና ከውስጥ በኩል በመቆንጠጫ ይያዛሉ። ብዙዎቹ ትራፓኖ አይፈልጉም። ቡሎኖቹን ወዲያው ማጥበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። በእጅ ብቻ ያዝ አድርጎ፣ ከፊት ቀኝ ማዕዘን እስከ ኋላ ግራ፣ ከፊት ግራም እስከ ኋላ ቀኝ በሜትር መለካት ይቀድማል። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሐዲዶቹ ጠመዋል ማለት ነው፤ የጠመመ ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ክዳን ይሰነቀራል፣ ቁልፉም ቦታውን አያገኝም። እኩል ሲሆኑ በየተራ፣ መመሪያው ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ይጠበቃል። ከልክ ካለፈ ስሱ ላሜራ ይጨራመታል። ተንሸራታች ከሆነ ከሣጥኑ ሥር የሚወጡት የውኃ ቱቦዎች ወደ ውጭ መውረዳቸው ይረጋገጥ። መብሳት ግድ ከሆነ የተበሳው ጠርዝ በሞረድ ይለስልስ፣ ፀረ ዝገትም ይቀባ፤ ባዶውን የተተወ ቀዳዳ ክረምት ሳይወጣ መዛግ ይጀምራል።

ስፖንዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋ በቀስታ ይሁን፤ ክዳኑን የሚነካበት ቦታ ካለ ያኔ ይታያል። ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ በተለይ ጠጠር መንገድ ከተሄደ፣ መቆንጠጫዎቹ እንደገና ይፈተሹ። ሐዲዱና ማጠፊያው የሚፈልጉት የሲልኮን ስፕሬይ ነው። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም አሸዋ እንደተጨመረበት ይፍቃል።

በተዘጋ ክዳን ሥር ሰውም ሆነ በግ አይጫንም። የጭስ ማውጫው ጋዝ አቧራው በሚገባበት መንገድ ይገባል፣ ይገድላልም።

ሌባን በተመለከተ የክዳኑ ቁልፍ ብቻውን ምንም አይደለም። ብዙ ክዳን የሚቆለፈው ስፖንዳው ተዘግቶ እስካለ ድረስ ነው፤ ስፖንዳውን ከውጭ የከፈተ ሰው እጁን ሰድዶ ያሻውን ይወስዳል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ስፖንዳቸው ላይ ቁልፍ አላቸው፣ ብዙዎቹ አሮጌዎች የላቸውም። የእርስዎ መኪና ከሌለው ወይም ተበላሽቶ ከሆነ፣ ለክዳኑ ካሰቡት ብር ላይ ቀንሰው መጀመሪያ የስፖንዳውን ቁልፍ ያሠሩ።