የጠፉት የሐሞት ቦዮች

ነገሩ የሚጀምረው በማሳከክ ነበር። የሆጅኪን ሊምፎማ የተባለው ካንሰር የያዛቸው አንዳንድ ሕሙማን መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው ሳይቀር እያሳከካቸው ሌሊቱን ሲያኩ ያድሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ ሰገራቸው ነጣ። ሐሞት ወደ አንጀት መውረዱን ትቶ ወደ ደም እየተመለሰ እንደሆነ ለሐኪሞቹ አልጠፋቸውም። መንገዱን የዘጋው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ቶማስ ሆጅኪን የተባለው የለንደን ሐኪም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1832 ሲገልጽ የጻፈው ስለ ንፍፊትና ስለ ጣፊያ ማበጥ ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት ያበጠ ንፍፊት ዋናውን የሐሞት ቦይ ተጭኖት እንደሆነ ነው። ቦዩ ክፍት ሆኖ ተገኘ። የሐሞት ጠጠር ፈለጉ፤ የለም። የጉበት ቫይረስም አልተገኘም። መድኃኒቱ ነው እንዳይሉ፣ አንዳንዶቹ ቢጫ የሆኑት ገና ሕክምና ሳይጀምሩ ነበር። የቀረው ጥርጣሬ ካንሰሩ ራሱ ጉበት ውስጥ ገብቷል የሚለው ነው። በመርፌ ናሙና ተወስዶ የሆጅኪን መለያ የሆኑት ትልልቅ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ታሰሱ። አንድም አልታየም። በ1970ዎቹ የወጡ የሕክምና ጽሑፎችም ሁኔታውን መዝግበው ምክንያቱን ሳያውቁት አለፉ። ንፍፊት ላይ የተቀመጠ ካንሰር ጉበትን ከሩቅ እንዴት ያንቀዋል?

ፍንጩ የመጣው ከካንሰር ጋር ካልተያያዘ ሌላ ሕክምና ነው። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጉበት ንቅለ ተከላ ይካሄድ ነበር። ሰውነት የተተከለለትን ጉበት ለረጅም ጊዜ ሲገፋው፣ በጉበቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የሐሞት ቦዮች አንድ በአንድ እየሞቱ ያልቃሉ። እዚያ የሚሠሩ ፓቶሎጂስቶች፣ ማለትም የሰውነት ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች፣ ይህን ጥፋት ደጋግመው አይተው ዓይናቸው ለምዶታል። ታዲያ የሆጅኪን ሕሙማን ናሙና በዚህ ዓይን ቢታይስ?

ጤነኛ ጉበት ውስጥ ደም ወሳጁ፣ ደም መላሹና የሐሞት ቦዩ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በመስታወቱ ላይ በቀጭኑ የተቆረጠው ናሙና ሲታይ፣ ትንሿ ደም ወሳጅ ባለችበት አጠገቧ በሴሎች የተከበበች ክብ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ አትጠፋም፤ ቦዩ እሷ ናት። ከበርሚንግሃሞቹ ፓቶሎጂስቶች አንዱ የሆነው ስቴፋን ሁብሸርና ባልደረቦቹ በሦስት የሆጅኪን ሕሙማን ጉበት ላይ ያዩት ደም ወሳጆቹ በቦታቸው ሆነው ቦዮቹ መጥፋታቸውን ነበር። ሐኪሞች እስከዚያ ድረስ የጅብ ዱካ ሲፈልጉ በጎቹን ሳይቆጥሩ እንዳደሩ እረኞች ነበሩ። ያልነበረ ነገር መኖሩን ሲያስሱ፣ የነበረው መጥፋቱን አላዩም።

ሁብሸርና ባልደረቦቹ ያዩትን የገለጹበት ጽሑፍ በ1993 ታተመ። ሦስት ሰው ለምርምር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ስም ያልነበረው መከራ ማብራሪያ አገኘ። ካንሰሩ ጉበት ውስጥ ሳይገባ፣ ምናልባት እሱ ወይም እሱ የቀሰቀሳቸው የመከላከያ ሴሎች በሚረጩት ንጥረ ነገር፣ ቦዮቹ ይጎዳሉ የሚል ጥርጣሬም ተነሣ። ማብራሪያው ግን ሐኪሞችን ከባሰ አጣብቂኝ ውስጥ ከተታቸው።

ሆጅኪንን የሚያድኑት እንደ ዶክሶሩቢሲንና ቪንብላስቲን ያሉ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት በአብዛኛው በጉበትና በሐሞት በኩል ነው። ቦዩ በጠፋበት ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። መጠኑ ሲቀነስ ደግሞ ካንሰሩ አይነቀልም። ጉበቱ እስኪያገግም ልጠብቅ ያለ ሐኪም፣ ጉበቱን የሚጎዳው ያልታከመው ካንሰር ራሱ መሆኑን እያወቀ ነበር የሚጠብቀው። ብዙ ሕሙማን በዚህ መካከል በጉበት ድካም ሞቱ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ሌላ ዓይነት ወሬ ተሰማ። ሕክምናውን በድፍረት የጀመሩ ሐኪሞች፣ ካንሰሩ ሲጠፋ የታማሚያቸው ቢጫነት አብሮ መልቀቁን ጻፉ። በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እስከዚያ የታተሙትን ታሪኮች አሰባስበው አነጻጸሩ፤ በሙሉ አርባ አይሞሉም ነበር። ጉበታቸው የመትረፍ ዕድል ያገኘው በተለይ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሕሙማን ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ታማሚ ሲመጣ ሐኪሞች ቢጫነቱ እስኪለቅ አይጠብቁም፤ የተዳከመ ጉበት የሚችለውን መድኃኒት መርጠው ሊምፎማውን ማከም ይጀምራሉ።