የመዳብ ነጋዴ የሚያቃጥለውን ቀለም ቀራጺው ይገዛዋል

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ሬዲዮና ሞባይል ከሚጠገንባቸው ሱቆች የሚወጣውን ውዳቂ ከሒሳብ የሚያስገባው ነጋዴ ጥቂት ነው። የአካባቢው የገበያ ወሬ በርበሬና በቆሎ ነው። የተቃጠለ ሰሌዳና የተበጠሰ ሽቦ በጆንያ ታጭቆ ጥግ ይቀመጣል፤ ቢሸጥም በኪሎ ነው።

ይኸው ዓይነት ዕቃ አዲስ አበባ መርካቶ ሲደርስ ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አለው። አንደኛው መዳብ ፈላጊ ነው፤ ፕላስቲኩን ልጦ ወይም አቃጥሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው የሚገዛው ለዚያው ለሚጣለው ልባስ ሲል ነው። በዚህኛው ወገን ስመ ጥሩ ቀራጺ ኤልያስ ስሜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ፣ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቋል። ቀደም ሲል በክር፣ በአዝራርና በጠርሙስ ቆርኪ ይሠራ ነበር። በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ወደ ኮምፒዩተር ሰሌዳና ቁልፎች ዞረ። ምናለሽ ተራ ዋና መገበያያው ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕቃውን በቀለምና በዓይነት ይለያል፤ ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉናል፤ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ያጣብቃል። ቀለም አይቀባም። አረንጓዴ ከፈለገ አረንጓዴ ልባስ ያለው ሽቦ በበቂ መጠን መገኘት አለበት። ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ረቂቅ ቅርጽ በመሆኑ «ይህ ምንድን ነው?» ለሚል መልስ የለውም፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ከአውሮፕላን የታየ የጎጃም ማሳ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም።

ገበያው ውጭ አገር ነው። ጄምስ ኮኸን የተባለው የኒውዮርክ ጋለሪ ሥራዎቹን ያሻሽጣል። በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ቀርቧል። በ2019 ከመስከረም አሰግድ ጋር የከፈተው ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ይገኛል።

ደላሎች ይህን ሰምተው ወደ ቡሬ መኪና ባይልኩ ይሻላል። አንድ ቀራጺ ገበያ አይሆንም፤ የኒውዮርኩ ዋጋም የሽቦው ሳይሆን የመምረጡና የመጎንጎኑ ነው። መዳብ ግን በየቀኑ ገዢ አለው። ስለዚህ የቡሬው ጆንያ ዛሬም በኪሎ ይመዘናል፤ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዋጋ ነው፤ አቃጣዩ እጅ ከገባ ደግሞ የሚለይ ቀለም አይተርፈውም።