አባቴን እንቅልፍ የነሣው ካርታ

የምኖርበት ሰፈር አትላስ ይባላል፤ አትላስ ደግሞ የካርታ መጽሐፍ ስም ነው። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል፥ በዘንድሮው ዓመት የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት፥ በአጭር ስሙ ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለውን ጥበብ ለመማር ልቤ የተነሣሣው።

ጥበቡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የተጀመረ ነው። ወንዙ በአንድ ገጽ፥ መንገዱ በሌላ ገጽ፥ ቤቱና ቅርሱም በየገጻቸው በኮምፒዩተር ይሣላሉ፤ ከዚያም እንጀራ በሞሰብ እንደሚነባበር ይነባበራሉ። ይሁን እንጂ በትክክል የሚገጥሙት ሁሉም ከአንድ መነሻ የተለኩ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው።

አንድ ቀን ማታ ከይዞታ ካርታችን ላይ ኤክስና ዋይ የተባሉትን ቁጥሮች ገልብጬ በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ባስቀምጣቸው፥ ቤታችን ከመቶ ሜትር በላይ ሸሽቶ በማናውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ተገኘ። አባቴ ደንግጠው «ካርታው ሐሰት ነው ማለት ነው?» አሉኝ፤ ሌሊቱን የተኙ አይመስለኝም። በማግሥቱ መምህራችን ምክንያቱን አስረዱኝ። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ፥ ክላርክ በ1880 ባሰላው የመሬት ቅርጽ ነው፤ የሳተላይቱ መነሻ ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 ነው። ይህን ባስተካክል ቤታችን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እናቴም ቡና አፈሉ።

ለቅርስ ግን እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የታወቀ ሲሆን፥ ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት ኦብሲዲያን ከሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። አርኪዮሎጂስቱ እያንዳንዱን ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ስፍራውን በቁጥር ይመዘግባል፤ ከተነሣ በኋላ የት እንደ ነበረ የሚመሰክር ሌላ የለምና። የድንጋዩን መገኛ ባልጪትንና ቁፋሮውን በአንድ ካርታ ላይ ሲያኖር፥ ሰዎቹ ድንጋዩን ከምን ያህል ርቀት እንደ ተሸከሙት ይለካል። ፕላን አውጪውም መንገድ ሲቀይስ የቅርሱን ገጽ ከመንገዱ ገጽ ጋር ያነባብራል፤ መነሻቸው ከተለያየ በወረቀት ላይ ከቅርሱ የራቀው መንገድ በመሬት ላይ በቁፋሮው መካከል ያልፋል።

አሁን ካርታ ሲሰጡኝ አስቀድሜ የማነበው በግርጌው ያለውን ጥቃቅን ጽሕፈት ነው። አባቴ ወሬውን ስለ ነዙ ጎረቤቶቻችን ካርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ፈተና እስኪያልፍ እንዲታገሡኝ ለምኛለሁ።